ከአርባው በኋላ



እድርተኛ ፊት ቆሞ ስለ ሞት መናገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ስለዚህ ስለ ሟች አልናገርም። የመጣሁት ስለሚቀረው ሰው ልናገር ነው፤ ባላቸውን ቀብረው ስለተመለሱ እናት፣ ሚስታቸውን ቀብረው ስለተመለሱ አባት። እሱንም ቢሆን ስለ እንባቸው ብዙ አልልም። ስለ ቁርሳቸው፣ ስለ ኪኒናቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው ነው የምናገረው። ነርስ ነኝ። የምሠራው የስኳርና የግፊት ሕመምተኞች በየቀጠሯቸው በሚመጡበት የክትትል ክፍል ነው። ግፊት ስለካ፣ ክብደት ስመዝን፣ ካርድ ላይ ስጽፍ ነው የምውለው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የማይታይ ነገር እዚያ ወንበር ላይ ይታያል።

ባል ሄደ፣ ዓመት ሳይሞላ ሚስት ተከተለች፤ ወይም ሚስት ቀደመች፣ ባል ክረምቱን አልተሻገረም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት የማያውቅ የለም። እኛም «ፍቅራቸው ነው፣ አላስቻለውም፣ ተከተላት» እንላለን። ይህን የሚል ሰው ክፉ አላሰበም። ግን ፍቅር ነው ብለን ከዘጋነው በኋላ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ «እኚህ ሰውዬ ላለፉት ስምንት ወራት ምን ሲበሉ ነበር? ኪኒናቸውን ማን ይሰጣቸው ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ነገሩ ከእኛ ሰፈር ውጭም ብዙ ዘመን ተጠንቷል። እንግሊዛዊው ሐኪምና የቁጥር ሰው ዊልያም ፋር እ.ኤ.አ. በ1858 የፈረንሳዮችን የሞት መዝገብ መርምሮ ባለትዳሮች በአብዛኛው ከላጤዎችና የትዳር ጓደኛ ከሞተባቸው ሰዎች ይልቅ ዕድሜ እንደሚያገኙ ጽፏል። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ኮሊን መሬይ ፓርክስ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሚስቶቻቸው በ1957 የሞቱባቸውን 4,486 የእንግሊዝና የዌልስ ወንዶች ለ9 ዓመት ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። ሁሉም 55 ዓመት የሞላቸው ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብቻ 213ቱ ሞቱ። በዚያ ዕድሜ ካሉ ባለትዳር ወንዶች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ወትሮው ተመለሰ። ከሟቾቹ ብዙዎቹን የወሰደው የልብ ሕመም ስለነበር ጽሑፋቸውን «የተሰበረ ልብ» አሉት።

ልብ በእውነት ይሰበራል ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 «ታኮትሱቦ» ብለው የሰየሙት ሕመም አለ። ከባድ ድንጋጤ የደረሰበት ወይም መርዶ የሰማ ሰው፣ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ የልቧ አንድ ክፍል ለጊዜው ይዝላል፤ አብዛኞቹ ይድናሉ። በእንግሊዝ አገርም ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 89 የሆኑ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው 30,447 ሰዎች ተጠንተው፣ ከትዳር ጓደኛቸው ሞት በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ከሌላው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እጥፍ ሲባል ግን አትደንግጡ፤ ከ10,000 ሰው 8 የነበረው 16 ሆነ ማለት ነው። ከ10,000 ሐዘንተኞች 9,984ቱ ያንን ወር ያለ ስትሮክና ያለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያልፉታል። አደጋው የመጀመሪያው ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ቀላል ነበር፤ ሰው ሁሉ ያኔ በዙሪያቸው ነው።

የሚያሳስበኝ በዝግታ የሚመጣው ነው። 40 ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ጤናቸውን የሚጠብቁት በየግላቸው አይደለም። አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ይበላል። አንዷ «ኪኒንህን ዋጥክ?» ትላለች፣ ሌላው «ጨው አታብዢ» ይላል። አንዱ ሌሊት ሲያቃስት የሚሰማው ሌላው ነው። ቀጠሮ የሚያስታውሰው አንዱ፣ ታክሲ የሚይዘው ሌላው። አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ኑሮ አጥኚ ዴብራ አምበርሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ ጽፋለች፤ በትዳር ውስጥ የሌላውን ጤና የሚቆጣጠረው በአብዛኛው ሚስት ናት፣ ባልም ከትዳር ሲለይ ጠባቂውን ያጣል። ጭቅጭቅ የምንለው ነገር፣ «ሲጋራህን አጥፋ»፣ «ጋቢ ደርብ»፣ «እስኪ ሐኪም ቤት ሂድ»፣ አንድ ቀን ጸጥ ሲል ነው ሥራ እንደነበር የሚታወቀው።

የጎደለው እውቀት ቢሆን ኖሮ ማስተማር ይበቃ ነበር። ግን አይደለም። በአሜሪካ በጤና ሙያ ላይ ያሉ ወንዶች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ለብዙ ዓመታት ሲጠኑ ኖረዋል። ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ከስተው፣ አትክልት መብላት ቀንሰው፣ መጠጥ ጨምረው ተገኙ። ጎመን እንደሚጠቅም የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። ያጣው ጎመኑን የሚያቀርብለትን ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ፤ ከለቅሶው ልጀምር።

ሐዘንተኛዋ እናት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ይቀመጣሉ። ሰው በገባ ቁጥር ይነሣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቀመጣሉ። እግራቸው ያብጣል። ሌሊቱ የእንቅልፍ ሌሊት አይደለም። የሚቀርበው ንፍሮ ጨው አለው፤ ሻዩ በስኳር ጣፍጧል፤ ለስላሳ በሳጥን ገብቷል። «ጉሮሮዎን ያርጥቡበት» እያልን ስኳር ያለባቸውን እናት በቀን ሁለትና ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ እናጠጣለን። ኪኒናቸው የት ነው? መኝታ ቤት፣ ኮመዲኖው ውስጥ። መኝታ ቤቱ ደግሞ የእንግዳ ካፖርት፣ የእንግዳ ቦርሳ፣ የተኛ ሕፃን ይዟል። ገብተው እንዳይፈልጉ፣ «በሐዘን ቀን ስለ ራሷ ታስባለች» እባላለሁ ብለው ያፍራሉ። ስለዚህ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሰባት ቀን ሳይውጡ ያልፋል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ የልብ ኪኒኖች በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ የልብ ምትና ግፊት ያሻቅባል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው እህል አልቀመስኩም ብለው መርፌውን ጨርሰው ቢተዉም፣ እህል ሳይቀምሱ የለመዱትን ያህል ቢወጉም አደጋ ነው። ለቅሶ ቤት ስንደርስ ከ«እግዚአብሔር ያጽናዎ» ቀጥሎ በጆሯቸው ጠጋ ብሎ «መድኃኒትዎ የት ነው?» የሚል አንድ ዘመድ ይኑር። ይህን ያህል ነው።

ለቅሶአችንን እየተቸሁ እንዳይመስላችሁ። በእኔ ግምት በዚህ ዓለም ላይ ሐዘንተኛን በመክበብ እኛን የሚያህል ጥቂት ነው። እዝኑ ከየቤቱ ይመጣል፤ ጎረቤት ሌሊት አብሮ ያድራል፤ «እህል ቅመሱ» ብሎ በግድ ያጎርሳል። ችግሩ ደግነታችን ሁሉ መጀመሪያው ላይ መከመሩ ነው። ድንኳኑ ይነቀላል፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተቆጥሮ ይመለሳል፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ ይወጣል። ከአርባው ማግስት ጀምሮ በሩን የሚያንኳኳ ይሳሳል። እስከ ሰማንያው፣ ከዚያም እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ያለው ጊዜ ባለቤት የለውም። በክትትል ክፍሌ ክብደቱ ሲቀንስ፣ ግፊቱ ሲወጣ፣ ቀጠሮው ሲዘለል የማየው በእነዚያ ወራት ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው ማዕዱ ነው። «ለአንድ ሰው ወጥ አይሠራም» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰባትና ለስምንት ሰው ሲያበስሉ የኖሩ እናት ናቸው የሚሉት። ማብሰል አቅቷቸው አይደለም። ሽንኩርት የሚከተፈው ለሰው ነው፤ እንጀራ የሚጋገረው ለሰው ነው። ሰው ከሌለ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ዳቦ በሻይ። አገራችን «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ስትል ስስታሙን ልትገሥጽ ነበር፤ እኚህ እናት ግን የሚያካፍሉት ሳይጠፋ የሚካፈላቸው ሰው ነው የጠፋው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት 50 የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውንና 50 ባለትዳር አረጋውያንን አነጻጽሮ ነበር፤ በሐዘንተኞቹ ዘንድ ምግብ ጣዕሙን ያጣው አብሮ የሚበላ ሲጠፋ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ጥናቶች ሳራ ስታልና ሪቻርድ ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በምግብ መጓደልና ሳይፈልጉ በመክሳት። ስለ እንቅልፍና ስለ መጠጥ ያለው ማስረጃ ይከተላል። ስለ ሲጋራና ስለ እንቅስቃሴ ያለው ግን የተደበላለቀ ነው፤ አንዱ ጥናት እንዲህ ሲል ሌላው እንዲያ ይላል።

መክሳትን «ሐዘን ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሳይፈልግ በ6 ወይም በ12 ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰ አዛውንት መመርመር አለበት፤ 60 ኪሎ የነበሩ እናት 57 ሲገቡ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሚዛን ባይኖር የጋብቻ ቀለበቱ ሲላላ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሲንቀሳቀስ፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ሲፈልግ ይታያል። ጡንቻ ያለቀበት ሰው ይወድቃል፤ የወደቀ አዛውንት ዳሌው ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ጾምንም አነሣለሁ፤ ማንም አይቀየመኝ። የሐዘን ልብ ወደ አምላኩ ይጠጋል። ሰባቱን አጽዋማት የማያጓድሉ እናት ከባላቸው ሞት በኋላ ለነፍሱ ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን እስከ አሥራ አንድ ያራዝሙታል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጠዋት ውጠው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልበሉ ሰው ላብ ሊያጠምቃቸው፣ ሊዘባርቁ፣ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም። ለንስሐ አባታችሁ ግን ሕመማችሁን ንገሩ፤ ለእኛም መጾማችሁን ንገሩን፤ የኪኒኑን ሰዓትና መጠን የምናስተካክለው ስናውቅ ነው። ሙስሊም እናቶቼም እንዲሁ። ባል የሞተባት ሴት ኢዳ የምትቀመጠው 4 ወር ከ10 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ቀጠሮ የሚያልፋቸው አሉ፤ ነገር ግን ለሕክምና መውጣት አይከለከልም፤ ያልመሰላችሁ ኢማማችሁን ጠይቁ።

ስለ ኪኒን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ አባት፣ ስማቸውን አልጠራም፣ በፌስታል ቋጥረው ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። ሚስታቸው ከሞቱ ግማሽ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ግፊታቸው እኔ ስለካው በጣም ዝቅ ብሏል፤ ሲነሡ ያዞራቸዋል። «አባባ፣ እንዴት ነው የሚውጧቸው?» አልኳቸው። «ነጯን ጠዋት፣ ቢጫዋን ማታ። እሷ እንዲያ ነበር የምትሰጠኝ» አሉኝ። ስም አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ነበራቸው። ፋርማሲው በመሃል ያንኑ የግፊት መድኃኒት የሌላ ፋብሪካ ሥሪት ሰጥቷቸዋል። ያው አምሎዲፒን ነው፤ መልኩ ግን ቢጫ ነው። ስለዚህ የድሮውን ነጭ ጠዋት፣ አዲሱን ቢጫ ማታ ሲውጡ ከርመዋል፤ የፊተኛዋ ቢጫ ደግሞ የኮሌስትሮል ነበረች፤ እሷ ከናካቴው ቀርታለች። ሰውየው ሰነፍ አይደሉም፤ ሚስታቸው የነገሯቸውን አንድም ቀን ሳያዛንፉ ፈጽመዋል። ያን ዕለት ቁጭ ብለን አሮጌውን ከአዲሱ ለየን፤ በየካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሣልንበት። አሁን ደህና ናቸው።

ይህንን ያነሣሁት አብራችሁ ለተቀመጣችሁ ባልና ሚስት ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ኪኒን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ ተያዩ። አንዳችሁ ብቻ ከሆናችሁ ሌላው ይማር። አባቶቼ፣ ሽሮ መሥራት አያዋርድም። ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ውኃው ሲፈላ ሽሮውን እየበተኑ ማማሰል፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። እናቶቼ፣ የባንክ ደብተሩ የት እንዳለ፣ ጡረታው በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወጣ፣ የጤና መድኅን መታወቂያው መቼ እንደሚታደስ እወቁ። በአገራችን ሕግ የጡረታ ባለመብት ሲሞት ለሚቀረው የትዳር ጓደኛ የሚከፈለው የሟቹ አበል ግማሽ ነው። ያውም ወረቀቱ ከቀበሌና ከፍርድ ቤት ተሟልቶ እስኪያልቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀረው ሥጋና ወተቱ ነው፤ ቀጥሎ ኪኒኑ ነው። «ይህ ወር ይለፍና እገዛዋለሁ» የሚሉኝ አበሉ እንደሚቀንስ ሳያውቁ የቆዩ እናቶች ናቸው።

ሌሊቱ ሌላ ነው። ግማሹ ባዶ በሆነ አልጋ ላይ እንቅልፍ እንደማይመጣ ማንም ያውቃል። መድኃኒቱ ግን ፋርማሲ ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን መግዛት አይደለም። ዳያዚፓምን የመሳሰሉ ኪኒኖች ከአዛውንት ሰውነት ቶሎ አይወጡም፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሡ ያንገዳግዳሉ፤ ቀን ያደነዝዛሉ፤ ሲለመዱም አይተዉም። አባቶች ደግሞ ኪኒኑን በአረቄ ይተኩታል። አንድ መለኪያ ያስተኛል፤ እውነት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም ያነቃል፤ እሱም እውነት ነው። ከዚያ ሁለተኛው መለኪያ ይመጣል።

ወንድና ሴት በዚህ ነገር እኩል አይጎዱም። የተማርኩትም የማየውም አንድ ነው። ባል የሞተባት ሴት በገንዘብ ትጎዳለች፤ ሚስት የሞተችበት ወንድ በኑሮው ሥርዓት ይጎዳል። እናቶች ቡና ይጠራራሉ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳልመጣች፣ የማን እግር እንዳበጠ ይታወቃል። አባቶች ያ ክበብ የላቸውም። የሥራ ጓደኛ በጡረታ ይበተናል፤ የቀረው ግሮሰሪ ነው። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ገና ሙት ዓመቱ ሳይወጣ «ያግቡ እንጂ፣ ማን ያበስልልዎታል?» ይላል። ይህ ምክር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሚስት የጤና ባለሙያ እንደነበረች በግልጽ የምናምንበት ብቸኛው ጊዜ ከሞተች በኋላ ነው።

ሴቲቱን ግን «አግቢ» አንላትም፤ እንጠብቃታለን። ጥቁሯን ቶሎ ካወለቀች ይታዘቧታል። ስኒከር አድርጋ ጠዋት አስፋልት ዳር በእግሯ ብትሄድ «ምን ነካት?» ይባላል። እኔ ክትትል ክፍል ውስጥ «በቀን 30 ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ» ብዬ እልካቸዋለሁ፤ ሰፈሩ ይመልሳቸዋል። ሐዘንን በጉዳት መለካት ይቅርብን።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። አልጋ ላይ የዋለ ባል ወይም ሚስት ለዓመታት ያስታመመ ሰው ከታማሚው ሞት በኋላ ሊሻለው ይችላል። ከላይ ስሙን የጠራሁት ሪቻርድ ሹልዝ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ ማስታመሙ እጅግ ከብዷቸው የነበሩ አረጋውያን ከታማሚው ሞት በኋላ የራሳቸውን ጤና አያያዝ አሻሽለው ተገኝተዋል፤ መተኛት፣ ማረፍ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀመሩ። እንዲህ የተሰማችሁ ካላችሁ ሟቹን አልከዳችሁም። አስታማሚ በመሆናችሁ ያቆያችሁትን የራሳችሁን ቀጠሮ አሁን ሂዱበት፤ የዓይኑን፣ የጥርሱን፣ የማሕፀኑን።

ደግሞም ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ጆርጅ ቦናኖ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ በዲትሮይት አካባቢ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን አረጋውያን ተከታትሎ ግማሽ የሚጠጉት እያዘኑም ኑሯቸውን ሳያናጉ እንደቀጠሉ አግኝቷል። ያልበረቱትን ለይቶ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። ግማሽ ዓመት አልፎ ሰውየው አሁንም ከቤት ካልወጡ፣ ካልታጠቡ፣ «መኖር ምን ያደርግልኛል» ማለት ካበዙ፣ ያ «አይዞዎት» የሚበቃው ሐዘን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የተራዘመ ሐዘንን ከሕመሞች ዝርዝር አስገብቶታል። ጤና ጣቢያ አምጧቸው፤ ብቻቸውንም አትተዉአቸው።

ልጆቻችሁ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ያሉባችሁ አላችሁ። ብር መላክ፣ ሠራተኛ መቅጠር ትልቅ ነገር ነው። «እማዬ፣ በላሽ?» ለሚል የስልክ ጥያቄ ግን መልሱ ሁልጊዜ «በላሁ» ነው። «ምን በላሽ? ከማን ጋር?» ብለው ይጠይቁ። በቪዲዮ ሲደውሉ እናታቸው የኪኒኑን ካርቶን ያሳዩዋቸው። ከአርባው በኋላ እናታቸውን ወደ ባሕር ማዶ ሊወስዱ የሚቸኩሉም አሉ። ልጅ በሁለት ፈረቃ በሚሠራበት አገር፣ ቋንቋውን በማያውቁበት አፓርታማ፣ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶባቸው የሚውሉ እናት ከባላቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ጎረቤታቸውንና ቡናቸውንም አጡ ማለት ነው። ቢቻል ዓመቱን እዚሁ ይቆዩ።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ፌሊክስ ኤልወርትና ኒኮላስ ክሪስታኪስ የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ሞት የነጮቹን አዛውንቶች ሞት ሲያፋጥን በጥቁሮቹ ላይ ያ ጉዳት አልታየም። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ጥቁር አረጋውያን ከዘመድ ጋር ተደጋግፈው የመኖር ዕድላቸው ሰፊ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን መከተል የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ ያሳየኛል፤ በዙሪያ ያለው ሰው ይለውጠዋል። በዙሪያ መሆንን ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም። እድር አለን፤ መዝገብ አለን፤ ማን በየትኛው ቀን ማንን እንዳጣ በጸሐፊው ደብተር ላይ ተጽፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።  60 ዓመት ያለፋቸው አባል የትዳር ጓደኛ ሲሞትባቸው፣ ከአርባው ማግስት እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ሁለት ጎረቤቶች በስም ይመደቡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳህናቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ለመጠየቅ ሳይሆን አብሮ ለመብላት። ኪኒኑን አይተው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። በወር አንድ ጊዜ ክትትል ክፍሌ ድረስ ይሸኟቸው፤ ክብደቱንና ግፊቱን እኔ እመዘግባለሁ። ሚስት ለሞተችባቸው አባቶች ከሁለቱ አንዱ ወንድ ይሁን፤ ቡና ካልተጠራ የሚመጣ አባት የለምና እሱ ይጥራቸው። ከእድሩ ካዝና አንድ ብር አይወጣም። ጸሐፊያችን ደብተሩን ከፍተው ካለፈው ዓመት ወዲህ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን አባላት ስም ቢያነቡልን፣ ምደባውን ዛሬውኑ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ መጀመር እንችላለን።